አንዷ የሩዝቬልት ድምፅ

የመንደሩ አለቃ አሳ ትራሸር በገዛ በረቱ፣ ከላሞቹ እግር ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ራሱ ተፈርክሷል፤ አጠገቡ የድንጋይ ጠራቢ መዶሻ ወድቋል። ሬዲዮው ከንጋት ጀምሮ አገሩ በሙሉ ሩዝቬልትን እንደመረጠ፣ ለተቀናቃኙ ለላንደን የቆሙት ሜይንና ቬርሞንት የተባሉ ግዛቶች ብቻ እንደሆኑ ይለፍፋል። ይህ የቬርሞንት መንደር ግን ሬዲዮውንም ምርጫውንም ረስቶ ደም ጠምቶታል።

ሸሪፍ ታፍትስ ሲደርስ ጠራቢውን ናታሌ ብሩዛን ከምሰሶ ጋር አስረውታል። ባለሱቁ ፒንግሪ የመስቀያ ገመድ ይዞ ይንጎራደዳል።

«ምን ምርመራ ያሻል?» አለ ፒንግሪ። «ትናንት ድምፅ ሲቆጠር መንደሩ ሁሉ ለላንደን፣ አንዲት ብቻ ለሩዝቬልት። አሳ ይሄን ጣሊያን ‹ያንተ ናት፤ ከመንደሬ አባርርሃለሁ!› አለው። ጠዋት ስመጣ ሬሳውን አገኘሁት። መዶሻውም የዚሁ ነው!»

«መዶሻውን የበረቱን መሠረት ስጠግን እዚሁ ትቼው ነው» አለ ብሩዛ። «የመረጥኩትም ላንደንን ነው፣ ጌታዬ። የአሳን ደሞዝ እየበላሁ ሌላ ልመርጥ? አብጃለሁ?»

ታፍትስ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚል ሰው ነው። ሬሳውን ገለበጠው። ከሥሩ የወጣው የማለቢያ ባልዲ ደረቅ ነው፤ የሟቹ እጅም የላም እግር ማሰሪያ ጠፍር እንደጨበጠ ቀርቷል። ቀጥሎ የላሞቹን ጡት ዳሰሰ። ሁሉም ባዶ! በሩ ጥግ ያለው ቢዶን ግን ትኩስ ወተት ሞልቶታል።

«ፒንግሪ፣ አንተ ነህ ያለብካቸው?»

«ሬሳ ተጋድሞ? ደግሞ እኔ ላም እንደምፈራ አገር ያውቃል።»

«ጠፍሩ ለየትኛዋ ነው?»

«ለቀይዋ። ሰይጣን ናት፤ የአሳን ጎድን ሰብራለች። ሳያስራት አይጠጋትም።»

«ከማን ገዛት?»

ፒንግሪ አቀረቀረ። «አልገዛትም። ለግብር ብሎ ከሎቪና ፔክ ወሰዳት።»

ጎረቤቲቱ ባልቴት ሎቪና ከሰው ኋላ ቆማለች። ታሪኳን ታፍትስም ያውቃል። አንድያ ልጇ ሩዝቬልትን እመርጣለሁ ባለ ጊዜ፣ የመንደሩን ሥራና እርዳታ የሚያድለው አሳ በሩን ሁሉ ዘጋበት። ልጁ ሥራ ፍለጋ በጭነት ባቡር ሲንጠላጠል ከመንኮራኩሩ ሥር ገብቶ ሞተ።

ታፍትስ ሁሉንም ሰብስቦ የበረቱን በር ዘጋ።

«አሳ የሞተው ላሞቹን ሳያልብ ነው፤ ባልዲው ደረቅ ነው። ያለባቸው ገዳዩ ነው። ብሩዛ ድንጋይ እንጂ ላም አያውቅም፤ ፒንግሪም ይፈራል። ሌላ አገር ገዳይ ገድሎ ይሸሻል። የኛ ገበሬ ግን ሰው ይገድላል እንጂ ጡቷ የተወጠረ ላም እየጮኸች ጥሎ አይሄድም። ቀይዋ ደግሞ ሳትታሰር ነው የታለበችው፤ ጠፍሩ ሟቹ እጅ ላይ ነበር። ሳትታሰር የምትቆመው ላሳደጋት እጅ ነው። ወይዘሮ ሎቪና፣ ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳትክም» አለች ሎቪና። «ከብቶቹ ምን አጠፉ?»

«ለምን ዛሬ?»

«የልጄ ሰው አሸነፈ ልለው መጣሁ። ሳቀብኝ! ‹አንዷ ድምፅ የኔ ናት፤ የወተት ዋጋ ከፍ የሚያደርግልኝ ሩዝቬልት ነው› አለኝ። ልጄን ያባረረበትን ሰው እሱ ራሱ መረጠው! መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

ፒንግሪ ገመዱን ጣለ። አንድ ሰው ብሩዛን ፈታው፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም።

«ይጸጽትዎታል?» አለ ታፍትስ እጇን እያሰረ።

«በሱ? ቢነሳ እደግመዋለሁ!» በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «የሚጸጽተኝ የትናንቱ ነው። ድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ማንም አያየኝም። ያንን ሰውዬ ፈርቼ ድምፄን ለላንደን ሰጠሁ።»