ወደ አዋሽ የሚሄዱ ልጆች ዝርዝር

ኢንስፔክተር ይርገዱ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ የሰመራ ፀሐይ ግን ሥራዋን ከጀመረች ቆይታለች። ይርገዱ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከደሴ ተዛውራ ከመጣች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ዘጠኙንም ዓመት «ዘንድሮስ እመለሳለሁ» ስትል ኖራለች። ጉልበቷን ያማታል፣ እንቅልፍ አልጠገበችም፣ ቁርስም አልቀመሰች። በባዶ ሆድ ሬሳ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ትጠላለች።

ሟቹ አሰልጣኝ ኃይለ ልዑል ናቸው። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ አሥራ አምስት ዓመት አዋሽ ከተማ፣ ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት እዚህ ሰመራ ልጆችን ጂምናስቲክ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አሁን ከከፍተኛው አግዳሚ ብረት ሥር፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ጫማቸው ወልቆ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። መዳፎቻቸው ጂምናስቶች ብረቱ እንዳያንሸራትታቸው በሚቀቡት ነጭ ዱቄት ተለውሰዋል።

«ብረቱን ሊሞክሩ ወጥተው ወድቀው ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «በዚህ ዕድሜ ምን አወጣቸው?»

ይርገዱ ወንበር አስመጥታ እያቃሰተች ወጣችና ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ላይ የቀረው ሌሊቱን ነፋስ ያመጣው ቡናማ አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ ወርዳ አዳራሹን ዞረች። አራት ፍራሾች ጥግ ላይ ተደራርበዋል። አጠገባቸው አሸዋ የተሞላ ጆንያ ከነገመዱ ተጋድሟል። በሩ ሥር የልጆቹ የመጠጥ ውኃ ጀሪካን ባዶውን ቆሟል። ከብረቱ ስድስት ርምጃ ርቆ ደግሞ ልጆቹ ላዩ ላይ የሚራመዱበት የሚዛን እንጨት አለ። ከእንጨቱ የብረት እግሮች በአንደኛው ሥር ሰፌድ የሚያህል ቦታ ንጹሕ ሆኗል፤ የቀረው ወለል ሁሉ አቧራ ለብሷል።

ሬሳውን ያገኘችው ረዳት አሰልጣኟ ኤፍራታ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለቻት ይርገዱ።

«አሥራ ሁለት ተኩል። ኮች አሥራ አንድ ላይ ይከፍታሉ፣ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ብረቱ ከሙቀት የተነሣ ስለማይጨበጥ ሥራችን ጠዋት ነው።»

«ትላንት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል» አለች ሳትሸሽግ። «ዝውውር እፈልጋለሁ አልኳቸው። ደከመኝ። ፍራሽ አራት ብቻ ነው፣ አራቱም ተቀዷል። መዝለያ ሰሌዳችን ከከባድ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው። በሳምንት ሁለቴ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለግና ዕቃውን ሁሉ ፈተን እናወጣለን፣ ስብሰባው ሲያልቅ መልሰን እንገጥማለን። አንዷን ልጅ ሁለት ዓመት ለፍተንባት ደህና ስትሆን፣ አባቷ መጥቶ ‹ሴት ልጅ በሰው ፊት አትገለባበጥም› ብሎ ይወስዳታል። ልቤ ዛለ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹የኔም ዝሏል፤ ነገ በጊዜ ነይ› አሉኝ።» ኤፍራታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይርገዱ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

«ብረቱን የሚያጸዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ትላንትም ጠርጌዋለሁ።»

ዘበኛው አብዱናሲር ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ጎልማሳ ነው፤ መቁጠሪያውን በእጁ ይዟል እንጂ አይቆጥርም።

«ኮች አሥራ አንድ ላይ መጡ፣ ሰላም ተባባልን፣ እኔ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ ሊነጋ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሥራ ላይ ናቸው ብዬ አልገባሁም። ወላሂ፣ ገብቼ ቢሆን ኖሮ…»

«በዚያ ሰዓት መስጊድ እንደሚሄዱ ማን ያውቃል?»

«አላህም ያውቃል፣ ሰመራም ያውቃል።»

«ጀሪካኑስ መቼ ባዶ ሆነ?»

አብዱናሲር ግራ ገባው። «ማታ እኔው ሞልቼዋለሁ። ቧንቧ ውኃ ካየን ሦስት ቀናችን፤ ከቦቴ ለምኜ ነው የቀዳሁት።» ገብቶ አየና ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። «የልጆች መጠጥ ነበር። እዚህ የሚውል ሰው ይህን አይደፋም፣ እህቴ።»

ሦስተኛዋ ኸሊዳ ናት። ከወሎ መጥታ ከአዳራሹ ጎን ቁርስ ቤት ከፍታለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጇ ሀምዳ ከቡድኑ ሁሉ የላቀች ናት፤ አሁን የስፖርት ቱታዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ደረጃው ሰፊ ቢሆንም አልተቀመጠችም።

«ኮች ሀምዳን አዋሽ ለውድድር ከሚሄዱት ልጆች ዝርዝር አውጥተዋታል?» አለች ይርገዱ።

«ትላንት ከሰዓት። ሐኪሙ የወገቧ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ሦስት ወር ትረፍ አለ። አዋሽ ላይ ግን መልማዮች ይመጣሉ፤ የተመረጠ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ይሠለጥናል፣ ይማራል። እኔ ምን አለኝ የማወርሳት? ሐኪምስ ይሳሳት የለም?» ኸሊዳ አንገቷን ደፋች። «ኮችን ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። ማታውን አቶ ይታያል ቤት ሄጄ እሱን ለመንኩት።»

ይርገዱ ወደ ሀምዳ ዞረች። «ያምሻል?»

«አያመኝም» አለች ልጅቷ በፍጥነት።

ይርገዱ ሐኪሙ ጋ ደወለች። የሰማችው ቃል አጭር ነበር፦ ያቺ ልጅ ብረት ላይ ወጥታ አንዴ ክፉ አወራረድ ከወረደች፣ ከወገቧ በታች ዳግም ላይንቀሳቀስ ይችላል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይታያል መጣ። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ከአዋሽ ተዛውሮ ሰመራ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በዚያ ሙቀት እጅጌው የተቆለፈ ረጅም ሸሚዝ ለብሷል።

«አባቴ ነበሩ» አለ ሬሳው ወጥቶ የሄደበትን በር እያየ። «በልጅነቴ አዋሽ ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ግን ልጆቹ ቢቀሩ እሳቸውም ደስ አይላቸው። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል።»

ዝርዝሩን ተቀብላ አነበበችው። አሥራ ሁለት ስም አለ፤ መጨረሻው ላይ ሀምዳ።

«ይህችን ልጅ አስቀርተዋት አልነበረም፣ አቶ ይታያል?»

«ሐሳባቸውን ለወጡ። ማታ ደውለው ነገሩኝ።»

«እንዲያ ነው?» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።

የሟቹን ስልክና ደብተር ይዛ የኸሊዳ ቁርስ ቤት ጥግ ተቀመጠች። ደብተሩን ስትገልጥ የራሷን ድካም ያነበበች መሰላት። «ሰኞ፦ ሰባት መጡ። አምስቱ ባዶ ሆዳቸውን። ዳቦ ተካፈልን።» «ማክሰኞ፦ ስብሰባ። ዕቃ አወጣን፣ ዕቃ አስገባን፣ ልምምድ የለም።» «ረቡዕ፦ ትከሻዬ ዛሬም እምቢ አለኝ። ጆንያ ሰቀልኩ።» «ሐሙስ፦ የሀምዳ እናት አለቀሰች። ሀምዳ አላለቀሰችም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይርገዱ ግን እስኪያድር የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን አስነሥቷል፤ በእጇ ያለው ዝርዝር ካልተሻረ ያቺ ልጅ ነገ ብረት ላይ ትወጣለች።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤፍራታ ፍራሾቹ ላይ ተቀመጠች፣ አብዱናሲር በሩን ተደገፈ፣ ኸሊዳ ልጇን ይዛ ቆመች። ይታያል ሰዓቱን ያያል።

«ሰዎች፣ እኔም ደክሞኛል» አለች ይርገዱ። «አላረዝምባችሁም። የኮች መዳፍ ላይ ዱቄት አለ፤ ብረቱ ላይ ግን ዱቄት የለም፣ የሌሊት አቧራ እንጂ። በዱቄት እጅ ብረት ጨብጦ ምልክት የማይተው የለም። ስለዚህ ኮች ዛሬ ብረቱን አልነኩትም። ካልነኩት አልወደቁበትም።»

«ታዲያ ከየት ወደቁ?» አለ አብዱናሲር።

«ከቆሙበት። ያ የሚዛን እንጨት እግር ሥር ወለሉ ታጥቧል። ኮች የወደቁት እዚያ ነው፤ ጭንቅላታቸው ከእንጨቱ የብረት እግር ጋር ተጋጨ። አብሯቸው የነበረው ሰው በልጆቹ ውኃ ደሙን አጠበ፣ ስድስት ርምጃ ጎትቶ ብረቱ ሥር አጋደማቸው፣ ጫማቸውን አወለቀ፣ እጃቸውን ዱቄት ቀባ። ፍራሽ ሳያነጥፉ ልጅ አውጥተው የማያውቁት ኮች ራሳቸውም ያለ ፍራሽ እንደማይወጡ ግን በድንጋጤ ረሳው።»

ይርገዱ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ከመካከላችሁ ማን ነው ብዬ ብዙ አሰብኩ። በሱብሂ ሰዓት ሁላችሁም መግባት ትችላላችሁ። ኤፍራታ፣ ኮች በየጠዋቱ ብረቱን የሚሞክሩት እንዴት ነው?»

«በጆንያ» አለች ኤፍራታ። «ያን አሸዋ በገመድ ሰቅለው ይወዘውዙታል። ድሮ ራሳቸው ወጥተው ይሞክሩት ነበር፤ ቀኝ ትከሻቸው ከተጎዳ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክንዳቸው ከአገጫቸው በላይ አይነሣም።»

«አብዱናሲር፣ ይህን ያውቃሉ?»

«ጆንያውን የማነሣላቸው እኔ አይደለሁ?»

«ኸሊዳስ?»

«በየቀኑ ደረጃው ላይ ሆኜ አያለሁ።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዳቸው ሞቱን አደጋ ለማስመሰል ቢፈልጉ፣ ክንዱ የማይነሣን ሰው ከብረት ላይ አያስወድቁም። ከመሰላል ወድቋል ይላሉ፣ አንሸራትቶታል ይላሉ። ይህን ያዘጋጀው ሰው የሚያውቀው የድሮውን ኃይለ ልዑል ነው። አዋሽ እያሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ዱቄት ቀብተው፣ ልጆች ሳይነኩት ብረቱን ራሳቸው የሚሞክሩትን ሰው ነው። ከእናንተ መካከል የድሮውን ብቻ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ይታያል ዞሩ።

«ይህ ግምት ነው» አለ።

«ነው። የኮች ስልክ ላይ ግን ትላንት ማታ ከአንተ ጋር የተደረገ ጥሪ የለም፤ ይሄ ግምት አይደለም። እጅጌህን ሰብስብና የሰዓትህን ማሰሪያ ፍታልኝ።»

ይታያል እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈታው። ከቆዳው ማሰሪያ ሥር፣ በላብ የተቦካ ነጭ ዱቄት አንጓውን ዙሪያውን ይዞታል።

«ዛሬ ልጆቹ አልሠሩም። ያን የዱቄት ቆርቆሮ የከፈተ ሌላ ሰው የለም» አለች ይርገዱ።

«አልመታኋቸውም» አለ ይታያል። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «ገፋኋቸው። ለአለቆቼ ሜዳሊያ አመጣለሁ ብያለሁ፤ ከእሷ በቀር ሜዳሊያ የሚያመጣ የለም። ስሟን መልሱ አልኳቸው። ‹አንተንም ያስቀረሁህ እግርህን ወድጄልህ ነው› አሉኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ቁርጭምጭሚቴ ስላበጠ ከምርጫ አስቀሩኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝም። እግሬ ይኸው ደህና ነው፤ የትም ግን አላደረሰኝም። ይህንኑ እየነገርኳቸው ገፋኋቸው።»

«ሲወድቁ ለምን ሰው አልጠራህም?»

 ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። ይርገዱ ስታየው አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት።

ኤፍራታ ዝርዝሩን ከይርገዱ ተቀብላ እስክሪብቶ ፈለገች።  «አሥራ አንዱን ይዤ ልሂድ? በዚህ ቀን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት ይርገዱ። «ልጆቹ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠዋል።»

ኤፍራታ ወደ ኸሊዳ ተመለከተች። የሀምዳን ስም ለመሰረዝ የፈራችው እናቲቱን ነው። ኸሊዳ ግን ወደ ወረቀቱ አላየችም። የልጇን እግር ነው የምታየው።

«ሳምንት ሆነኝ» አለች። «ጎንበስ ማለት አቅቷት ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ አጠልቅላታለሁ፣ ከዚያ ሄጄ ሐኪሙ ተሳስቷል እላለሁ። ያ ሰውዬ እውነቱን ስለተናገረ ሞተ። እኔ ነኝ ይታያልን የላክሁበት።» ከዚያ ወደ ኤፍራታ ዞረች። «ሰርዢው።»

ኤፍራታ ሰረዘችው።

ሀምዳ የእናቷን ክንድ በሁለት እጇ ያዘችና ክብደቷን ሁሉ ጣለችባት።

«እማዬ፣ ያመኛል» አለች።