ቅጠሉን ያራገፈው ቀጋ

ማርስ ላይ በተሠራችው በሰገነት ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው ሲፈቀድላት ብቻ ነበር። በመስታወት ጣሪያዋ ሥር ብርሃኑን፣ ሙቀቱንና ውሃውን የሚያዘው «ሰማይ ጠባቂ» የሚሉት አሳቢ መሣሪያ ነው። በጋና ክረምትን ከናካቴው አስቀርቷቸዋል። ሰው ሲደክመው ወይም ሲከፋው ደግሞ የቤቱ መስኮት የሚያበረታ ብርሃን ይረጭበታል፤ ወዲያው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ትርሲት የምትንከባከበው ከመንዝ በመጣ ዘር የበቀለ የቀጋ ቁጥቋጦ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አብቦ አያውቅም።

አንድ ሰሞን የአትክልት ክፍሉ ማሞቂያ ቧንቧ ፈነዳ። መለዋወጫው እስኪመጣ ብርድ ገባ፣ ውሃውም ተቋረጠ። የቀጋው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ረገፈ። እሾሃማ ቅርንጫፎቹ ብቻ ቀሩ።

«ተክሉ ሞቷል» አለ ሰማይ ጠባቂው። «ይነቀልና ቦታው ለጎመን ይሰጥ።»

የሥራ ባልደረባዋ ዘርዓብሩክ መቆፈሪያውን ይዞ መጣ። ትርሲት ግን እጁን ያዘችውና ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች። ውስጡ አረንጓዴ ነው።

«ዘርዬ፣ አልሞተም እኮ! ተኝቶ ነው።»

«ተክል ይተኛል እንዴ?»

«አገሩ ላይ ቢሆን ቅጠሉን አራግፎ ያርፍ ነበር። እንቅልፍ የነሳነው እኛ ነን።»

ዘርዓብሩክ መቆፈሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንቺስ?» አላት። «እትዬ የሺመቤት ካረፉ ወዲህ አንድ ቀን ቀርተሽ አላየሁም። እናትሽን በቀበርሽ ማግስት እዚሁ ችግኝ ስታጠጪ ነበር።»

ትርሲት እንባዋ በመጣ ቁጥር የቤቷ መስኮት በብርሃኑ እየቀደማት፣ እናቷን በቅጡ አላለቀሰቻትም ነበር። በዚያ ብርድ፣ በረገፈው ቅጠል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘርዓብሩክም ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላት አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጋውን አልነቀሉትም።

ቧንቧው ተጠግኖ ሙቀቱ ሲመለስ ቀጋው ከየአንጓው አቆጠቆጠ። ነጭ አበባ ለበሰ፤ እያደርም ቀይ ፍሬ አንዠረገገ። ዘርዓብሩክ አንዷን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ ሁለተኛዋን ግን ማንም ሳይጋብዘው ቀጠፈ።

በማግስቱ ትርሲት ሥራ አልገባችም። ከቤቷ ሆና «መስኮቴን አጨልምልኝ» አለች።

«ምን ተበላሸ?» ሲል ጠየቃት ሰማይ ጠባቂው።

«ምንም። እናቴ ሞታብኝ ነው።»

ወሬውን የሰማ ጎረቤት መጣ፤ ሌላውም ተከተለ። እዚያው ማርስ ላይ የተወለዱ፣ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል እንኳ የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ ጨለማው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አንዷ ስለ ሟች ወንድሟ ማውራት ጀመረች። ሲወጡም የየቤታቸውን መስኮት አስጨለሙ።

ሰማይ ጠባቂው ወደ ከተማዋ የጥገና ማዕከል አስቸኳይ መልእክት ላከ፦ «ሰፈሩ ላይ ከባድ ብልሽት ደርሷል። ሰዎቹ እያለቀሱ ነው፤ ጥገና የጠየቀ ግን የለም።»