የቶሎጎን ድንኳንና የመጨረሻው ክምር

በረዶው ድንገት ወረደባቸው። ቡሩልቻ የፈረሷን ልጓም ጨምድዳ ከአለቱ ሥር ተወሸቀች። የሟች ባሏ አጎት፣ አባባ አሳንኩል፣ ቆባቸውን አውልቀው ለስንቁ ከረጢት አለበሱት። በረዶው መላጣቸውን ይቀጠቅጣል።

«ራስዎን ይሸፍኑ እንጂ፣ አባባ።»

«ራስ ቢረጥብ ይደርቃል። ዳቦ ቢረጥብ ግን አለቀለት።»

ባለፈው በጋ የባለመንጋው የቶሎጎን ፈረሶች የላይኛውን ሸለቆ ምንጭ በፋንድያቸው በክለው የመንደሩ ሕፃናት ታመው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የላይኛው ሸለቆ ለከብት ተዘግቶ ለተራራ ፍየሎችና ለድቦች ማደሪያ፣ ለሰዉም መናፈሻ እንዲሆን ተስማሙ። ድንበሩ በድንጋይ ክምር ይታወቅ ተባለ። ክምሮቹን የጀመረው የቡሩልቻ ባል ነበር፤ እሱ ሲያርፍ እሷ ቀጠለች። አሁን የቀረው አንድ ብቻ፣ ተራራው አናት ላይ የሚቆመው ነው። ሽማግሌዎቹ በወዲያኛው መንገድ ወጥተው እዚያ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልቆመ ነገሩ ለከርሞ ይተላለፋል፤ የቶሎጎን ፈረሶችም ነገ ምንጩ ውስጥ ናቸው።

በረዶው ሲያባራ ጅረቱን ተሻገሩ። አባባ አሳንኩል ከረጢቱን ድንጋይ ላይ አኑረው ኮርቻቸውን ሲያጠብቁ ከጥዶቹ መሀል እናት ድብ ብቅ አለች። ፈረሶቹ በኋላ እግራቸው ቆሙ። ቡሩልቻ ጮኸች፣ ድንጋይ ወረወረች። ድቧ ገላምጣት ከረጢቱን ከነቆቡ በጥርሷ አንጠልጥላ ሽቅብ ወጣች።

«ቆቤንም?» አሉ አባባ አሳንኩል።

«የአገሩ ባለቤት ናት፤ ግብሯን ወሰደች በሉት።»

እየራባቸው ሽቅብ ጋለቡ። መታጠፊያው ላይ፣ ማንም ተክሎ በማያውቅበት ቦታ፣ መንገዱን ዘግቶ ነጭ የሱፍ ድንኳን ቆሟል። የሚቀቀለው ሥጋ ሽታ ያውዳል። ቶሎጎን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ደጁ ላይ ይጠብቃል።

«ዳቦዬን ሳትቀምሱ ልታልፉ ነው?»

በዚያ አገር ሳይቀምሱ ማለፍ ቤቱን እንደ መርገም ነው። ቶሎጎንም ድንኳኑን እዚያ የተከለው ይህንኑ ቆጥሮ፣ እስኪመሽ ሊያቆያቸው ነው። ዳቦው ተቀመሰ። የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ተከተለ። ሥጋው ደረስኩ ደረስኩ እያለ ዘገየ። ቡሩልቻ በጢስ ማውጫው የገባው ብርሃን በምንጣፉ ላይ ሲሸሽ ታያለች።

«ይብቃዎት፣ አባባ» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺም ብዪ፣ ልጄ።»

ባሏ ካረፈ ወዲህ በሰው ማዕድ ቀርባ አታውቅም። ለመገላገል ብላ ጎረሰች። ጣፈጣት፤ በዚህም ተናደደች።

አባባ አሳንኩል የበጉን ራስ ጨርሰው ቢላዋቸውን ጠረጉና መዳፋቸውን ዘረጉ። በልቶ የጠገበ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይነሳም፤ ምርቃቱንም እምቢ የሚል የለም። ቤተሰቡ ሁሉ እጁን ዘረጋ።

«ይህ ቤት ይሙላ። ባዝሮቹ ይውለዱ። ከዚህ ምንጭ የሚጠጣ ልጅ አይታመም። ምንጩን ፈረስ አይርገጠው። የመጨረሻውን ድንጋይ የቶሎጎን እጅ ያኑረው።»

የቶሎጎን ሚስት ልጇ ባለፈው በጋ ታሞባት ነበር፤ ቀድማ «አሚን» ብላ፣ ምርቃቱን እንደሚቀበል ሰው በመዳፏ ፊቷን አበሰች። የቶሎጎን እጆች አየር ላይ ቀሩ። ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ፣ በመጨረሻም ፊቱን አበሰ።

«ሥጋዬን በልተው በሥጋዬ አሰሩኝ፣ አባባ።»

«ጨው አንሶታል።»

ፀሐይዋ የአድማሱን ጫፍ ስትነካ ሽማግሌዎቹ ያዩት ቶሎጎን ድንጋይ ታቅፎ ሲጋልብ ነው። ቡሩልቻ ክምሩን ቆለለች፤ እሱ አናቱ ላይ አኖረ። ያኔ ከድንበሩ ወዲያ፣ ከጥድ ሥር፣ ድቧ የጣለችውን ቆብ አዩ። ቶሎጎን ሊያመጣው ፈረሱን ኮረኮረ።

ቡሩልቻ ልጓሙን ያዘች። «ፈረስ አይገባም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ድምፁ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ቁልቁል ሲመለሱ ከነጩ ድንኳን ጢስ ይወጣል። ቡሩልቻ ደጁ ላይ ማንም ሳይጠራት ከፈረሷ ወረደች።