ገመዱ ማን ጋ ነው?

ይሄ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ወሬኛ!» ብዬ አልፈው ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ለጉድ ነበረች። ገና ሥራ ባልጀመረ አዳራሽ ውስጥ እኔና ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ብቻ ነን።

ሥራችን የኤልኢዲ መብራት ማስጨፈር ነው። እሱ ሽቦውን ይዘረጋል፤ እኔ ላፕቶፔ ላይ፣ ትዕዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት ውስጥ መብራቶቹን የሚያዝ ኮድ እጽፋለሁ። የዚያን ቀኑን ፕሮጀክት «ተራማጅ» ብዬዋለሁ። አንዷ መብራት ስትጠፋ ቀጣይዋ ትበራለች፤ ብርሃኑ ኮርኒሱ ላይ የሚራመድ ይመስላል።

አንድ ሕግ አለን። ሽቦ ሊነካ የሚወጣ ሰው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ ኪሱ ከቶት ይወጣል። ታች ያለው ረስቶ እንዳይሰካበት ነው። የእኛ ገመድ ጫፉ ላይ ቀይ ናስትሮ አለው... በጥርሴ የቆረጥኩት።

ጋሼ ገመዱን ኪሱ ከቶ፣ በመሰላል ወጥቶ በቀዳዳው ኮርኒሱ ውስጥ ገባ።

እኔም ፕሮጀክቱን ስክሪኑ ላይ ብቻ ልሞክረው ብዬ ትዕዛዙን ጻፍኩ።

ኮርኒሱ ላይ መብራት በራ።

ክው አልኩ።

«ጋሼ! ገመዱ አንተ ጋ ነው?»

ከቀዳዳው ሹክሹክታ መጣ። «እኔ ጋ ነው፣ እታለም።»

«ታዲያ መብራቱ...»

«ዝም በይ።»

ወንድሜ ቀልድ አያልቅበትም። ሌላ ገመድ ደብቆ ሰክቶ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሄጄ ሶኬቱን አየሁት... ባዶ ነው።

ብርሃኑ ተራምዶ ተራምዶ በሩ አናት ላይ ቆመ። የማቆሚያ ትዕዛዝ ጻፍኩ። አልሰማኝም።

ያኔ የመስታወቱ በር ተንኳኳ።

«ክፈቺልኝ እንጂ! ናስትሮ አልቆብኝ በጓሮ በኩል ባለው ሌላ ቀዳዳ ወርጄ ልገዛ ሄጄ ነበር።»

ወንድሜ ነው። ድምፁም መልኩም።

ከላይ ሹክሹክታው ፈጠነ። «እንዳትከፍቺለት። እታለም... እንዳትከፍቺ።»

«ገመዱን አሳየኝ!» አልኩ። ለየትኛው እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

ውጭ ያለው ከኪሱ አውጥቶ ወደ መስታወቱ አስጠጋልኝ። ቀይ ናስትሮ። የጥርሴ ምልክት።

ከኋላዬ ደግሞ አንድ ነገር ወለሉን ነካ። ዞርኩ። ከቀዳዳው ገመድ ተንጠልጥሎ ወርዷል።

ቀይ ናስትሮ። የጥርሴ ምልክት።

ከፈትኩ። ፀሐይ ላይ የቆመውን አመንኩ። እጁን ይዤ ሮጥኩ። ከላይ አንዴ ብቻ «እታለም!» ሲል ሰማሁ... እያለቀሰ ነበር።

በኋላ የአዳራሹ ጥበቃ ወጥቶ ኮርኒሱን ፈተሸው። ማንም የለም።

ወንድሜ አሁንም ከእኔ ጋር ይኖራል። ይበላል፣ ይስቃል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው እታለም ብሎኝ አያውቅም። በስሜ ነው የሚጠራኝ። ማንን ይዤ ወደ ቤት እንደመጣሁ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለናሙና የሰቀልኩት መብራት አለ። ዛሬ ከሰዓት እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ብርሃኑ ከጥግ ተነስቶ መራመድ ጀመረ... አናቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የመብራቱ ገመድ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።