የዓርብ ቅቤ

የወረታ ፖሊስ አዛዥ መቶ አለቃ ማረው የአንዳርጌን ሬሳ እንዳየ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከኪሱ የጤና አዳም ቅጠል አውጥቶ አፍንጫው ውስጥ መሰግሰግ ነበር። ማንም አልፈረደበትም። ወረታ ውስጥ ሲሮጥ ሰዉ ሁሉ ከየበሩ ወጥቶ የሚያየው ጎረምሳ፣ በጤና ጣቢያው ሲሚንቶ ላይ በገዛ ምራቁ ተለውሶ ተጋድሟል። አፉ ላይ አረፋ ደርቋል። ቁምጣው ውስጥ ያለውን አልናገርም፤ ያሸተተ ያውቀዋል። ዝንቡስ! መስከረም ገብቶ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ የሚፈላውን ዝንብ ያላየ ሰው፣ ዝንብ አይቻለሁ ብሎ አያውራ።

ቀኑ ዓርብ፣ መስከረም ሁለት፣ ስድስተኛው የአብዮት በዓል ነበር። የወረታ ቀበሌ ሊቀ መንበር ጓድ ይሁኔ ምሥራቅ ጀርመን ሥልጠና ደርሶ ከመጣ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቅቶት፣ ለበዓሉ «አብዮታዊ ሦስትዮሽ» የሚባል ውድድር ፈጠረ። የርብን ወንዝ ሙላት በዋና መሻገር፤ ከርብ ድልድይ እስከ ወረታ በብስክሌት፤ ከወረታ በሐሙሲት መንገድ ደርሶ መልስ ሩጫ። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ትልልቆቹ ፊት ይቆማል ተባለ። አንዳርጌ ሲመራ ቆይቶ በሩጫው መካከል ተንገዳገደ፤ አረፋ ደፈቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሞተ።

ሬሳው ሳይታጠብ ይሁኔ ገዳይ አገኘ። ሁለተኛ ሲሮጥ የነበረውን ንብረትን፣ የቄስ ገብረ ሐናን ልጅ፣ አሳሰረው። «የፀረ አብዮት አሻጥር ነው» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአውራጃው መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በዚያ መኪና ተጭኖ የተመለሰ ሰው ደግሞ ወረታ አታውቅም። ማረው የነበረው ጊዜ ያችው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበረች።

ጎንበስ ብሎ የሟቹን የዓይን ቆብ ገለጠ። ብሌኑ ጠባ ጠባ የመርፌ ጫፍ አክላለች።

«በሽታ አይደለም» አለች የጤና ረዳቷ ደብሬ። «አምና የተምች መድኃኒት ጀርባው ላይ የፈሰሰበት ገበሬ እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣ። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ይጠባል፣ ሥጋው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይለቃል።»

«ጠጥቶት ነበር?»

«ኧረ አልጠጣውም! በቆዳው ነው የገባ።»

ማረው ወደ እግሩ ዞረ። ፊቱ ላይ ዝንቡ ይርመሰመሳል፤ እግሩ ዘንድ ያለው ግን ሞቶ ረግፏል። ተረከዙ ላይ ከዚህ ቀደም ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል አለ፤ ቀይ ሥጋው ይታያል። በክብሪት እንጨት ቆዳውን ጫር አደረገ። ከላይ ቢጫና ለስላሳ፣ ከሥር ጠንከር ያለ ሌላ ቅባት ነበር። ጤና አዳሙን አውጥቶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ አሸተተው።

«ከላይ ቅቤ፣ ከሥር ሰም» አለና ጤና አዳሙን መልሶ አፍንጫው ውስጥ ወተፈ።

የአንዳርጌ ሚስት አመተ ሥላሴ ከበሩ ውጭ አፈር ላይ ተቀምጣለች።

«እታለም» አላት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «ካልሲ ለምን አላደረገም?»

«ከውኃ በወጣ እግር ላይ ካልሲ ይጣበቃል። እሱን ሲጎትት ሌላው ያልፈዋል። የራሰ ካልሲ ደግሞ እግር ይልጣል። ስለዚህ ባዶ እግሩን ነበር ሸራ ጫማው ውስጥ የሚከት። መጀመሪያ ሰሞን እግሩ ውሃ እየቋጠረ ሲፈነዳ፣ ኤዲያ! መግሉን የማጥብለት እኔ ነበርሁ። ኋላ የጫማውን ስፌት በውስጥ በኩል በስስ ሌጦ ሸፈንሁለት። እግሩን ደግሞ ቅቤ ይቀባል። ቆዳው ከጫማው ጋር ካልተፋተገ ውሃ አይቋጥርም።»

«ዛሬም ቅቤ ተቀባ?»

ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ረቡዕና ዓርብ ቅቤ በእጁም አይነካ። ቄስ ገብረ ሐና ዘንድ ጧፍ ሲሠራ የሚተርፈውን ሰም በኑግ ዘይት አላልቶ ይቀባል። ውኃም አያጥበው። ዛሬ የቀባሁት እኔው ነኝ፤ እግሩን እንጂ ጫማውን አልነካሁም።»

«አዲስ አበባን ይህን ያህል ለምን ፈለጋት?»

«ወንድሙ ቢሻው በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ቀረ። እዚያ ስደርስ ማን እንዳስገደለውና የት እንደቀበሩት እጠይቃለሁ ይል ነበር።»

«ለማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ለሰማው ሁሉ። አፍህን ያዝ ብለው እንቢ አለኝ።»

የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የበግ ቆዳ መጋዘን ነበር፤ ሽታው አሁንም አልለቀቀም። ጥጉ ላይ የሽንት ባልዲ ሞልቶ ፈስሷል። ሰውን እዚህ አስገብቶ በር የሚዘጋ ሰው ማታ እንዴት እራት እንደሚበላ እግዜር ይወቀው። ንብረት ከንፈሩ አብጦ ግድግዳ ተደግፏል።

«ጠላትህ ነበር?» አለው ማረው ከደጃፉ ሳያልፍ።

«ቀድሞኝ የሚሮጥ ጓደኛዬ ነበር። ሰሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እኔም እሱኑ ተቀብቻለሁ።»

«ይህን ለጓድ ይሁኔ ነግረሃቸዋል?»

«መች ጠየቁኝ? መቱኝ እንጂ።»

«ከብስክሌት ወርዶ ጫማውን ሲያጠልቅ ምን አለ?»

«"ውስጡ ያሙለጨልጨኛል" አለ። እኔ ደግሞ ሳቅሁበት።» ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ውጭ አባቱ ቄስ ገብረ ሐና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «ልጄ፣ መኪናው ቀርቧል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ማረው «አባ፣ እርስዎ ወደ አዳራሹ ይግቡና ይቀመጡ» አላቸው።

የግብርናው ሠራተኛ ፅጌ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ወረታን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠላ ሰው ነው።

«የተምች መድኃኒቱ መጋዘን ቁልፍ አንተ ዘንድ ነው?» አለው ማረው።

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሊቀ መንበሩ ጋ። እኔ ጎሕ ሲቀድ የሯጮቹን ጫማዎች ብስክሌቱ በሚያልቅበት ድንኳን ውስጥ ደርድሬ ወደ ርብ ሄድኩ። ፊሽካ የምነፋው እኔ ነበርኩ፤ ሕዝቡ ሁሉ አይቶኛል።»

«ስትደረድራቸው ውስጣቸው ቅቤ ነበረባቸው?»

«ደረቅ ነበሩ። ቅቤ ቢኖር አልነካቸውም! እዚህ አገር ሰው እጁን ቅቤ ከነካው ሳያስበው ጠጉሩ ላይ ይጠርጋል። ስብሰባ ላይ ጠረኑ ራሴን ያዞረኛል።»

ማረው ሰውየውን ትንሽ ትክ ብሎ አየው። ሳያመሰግነው ሄደ።

ይሁኔ ቢሮው ውስጥ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጥሬ ሥጋ በሰሐን ቀርቧል። ዓርብ ቀን ሥጋ መብላቱን ሕዝቡ ሁሉ እንዲያይለት መስኮቱን የመክፈት ልማድ ነበረው፤ ዛሬ ግን አንድ ጉራሽ አልቀመሰም። በመሐረብ ምራቁን ይጠርጋል፤ የግራ ዓይኑ ቆብ ይርገበገባል።

«ምርመራ ምን ያደርጋል ጓድ?» አለ። «ንብረት ከቅል ቅቤ እያወጣ የአንዳርጌን ጫማ ሲቀባ ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። መርዙ እዚያ ውስጥ ነው።»

«አሞዎታል?»

«የበዓል ሥጋ ነው ሆዴን ያወከው። ይህ ክፍል ደግሞ ምን ነካው? ጨለመ እኮ።»

መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። ማረው አላረመውም።

መኪናው ሲመጣ ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበዋል። የአውራጃው ተወካይ ጓድ ደረሰ ከቡትስ ጫማው ጭቃ እያራገፈ ገባ። ንብረት እጁ የፊጥኝ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ወንጀለኛው ይኸ ነው? ጫኑት» አለ ደረሰ።

«ጓድ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለ ማረው፣ ከፊታቸው ቆሞ። «አንዳርጌ የሞተው ከተምች መድኃኒት ጋር በተለወሰ ቅቤ ነው። ተረከዙ ቁስል ነበር፤ በዚያ ገባ። ጓድ ይሁኔ ቅቤውን ንብረት ሲቀባ አየሁ ይላሉ። አባ፣ ልጅዎ በዓርብ ቀን ቅቤ ይነካል?»

«በአባቱ ቤት ዓርብ የቅቤ ቅል ክዳኑም አይከፈት» አሉ ቄሱ።

«አንዳርጌም እንዲሁ። ዛሬ ሁለቱም የተቀቡት ሰም ነው። እግሩ ላይ ሰሙ ከሥር፣ ቅቤው ከላይ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ እንግዲህ ቅቤው የመጣው ከጫማው ነው። አንዳርጌን ጫማውን ሲያጠልቅ ያሙለጨለጨው ለዚህ ነው። ገዳዩ አንዳርጌ በልምምድ ቅቤ ሲቀባ አይቷል፤ ጫማው ውስጥ ቅቤ ቢገኝ ማንም አይጠረጥርም ብሎ አሰበ። ዓርብ ዓርብ እንደማይቀባ ግን ልብ አላለም። ወረታ ውስጥ ዓርብን ከቁም ነገር የማይቆጥር ማን ነው?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳያስበው ፅጌን አየ።

«እኔ ርብ ነበርኩ!» ብሎ ጮኸ ፅጌ።

«ነበርህ» አለ ማረው። «ጫማዎቹን ደረቅ አድርገህ ደርድረህ ሄድህ። ደግሞም አንተ ቅቤ ቢነካህ በሳሙና ትታጠባለህ። የፎገራ ልጅ ግን መርዝ የለወሰበትን እጁንም ቢሆን፣ ከሕፃንነቱ እንደ ለመደው ሳያስበው ጠጉሩ ላይ ይጠርጋል።» አንድ እርምጃ ወደ ይሁኔ ቀረበ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሁለተኛው የመጋዘን ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው። ቆብዎን ያውልቁ።»

«አላወልቅም! አንተ ማን ሆነህ ነው?» ምራቁ አገጩ ላይ ወረደ።

«የአንዳርጌ ብሌን እንደ ጠበበች ሁሉ የእርስዎም ጠባለች፤ ፀሐይ እየገባ ጨለመ የሚሉት ለዚህ ነው። ላብዎ፣ ምራቅዎ፣ የዓይንዎ መርገብገብ ሥጋ ያመጣው አይደለም። ያንን ሥጋ ዛሬ አልቀመሱትም፤ አይቻለሁ።»

ደረሰ ራሱ እጁን ሰዶ ቆቡን መንጭቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ጠረኑ ከመቀመጫችን አስነሣን፤ የሻገተ ቅቤና የመጋዘን መድኃኒት ተቀላቅሎ። ጠጉሩ በአንድ በኩል፣ ጣት እንዳለፈበት፣ ተጣብቋል። ዝንቦች ቆቡ ላይ አረፉ፤ እግራቸው ተንፈራገጠ፤ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ።

«በቀይ ሽብር ጊዜም ሊቀ መንበሩ እርስዎ ነበሩ፤ ቢሻውን ያለ ትእዛዝ ያስገደሉትም እርስዎ ነዎት» አለ ማረው። «አንዳርጌ አዲስ አበባ ቢደርስ ይህን ይጠይቅ ነበር። ትእዛዝ ቢኖርዎት ጥያቄው ባላስፈራዎት።»

ደረሰ ፊቱ ቀላ። «የመንግሥት የተምች መድኃኒት!» ብሎ ጮኸ። «ተምቹ ሜዳውን እየጨረሰው አንተ የመንግሥት ሀብት ታባክናለህ? ይህን ጫኑት!» ስለ አንዳርጌ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ቢሻውማ ማን ይተነፍሳል! ቱ!

ቄሱ የልጃቸውን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ይሁኔ ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አረፋ ደፈቀ።

«ራሱ አሁኑኑ ካልታጠበ መኪናው ላይ ይሞታል» አለች ደብሬ።

ማንም አልተነቃነቀም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን ራስ በእጁ ለመንካት የማይቀፈው ሰው አልነበረም። አመተ ሥላሴ ተነሣች። ሁለት እጇን በላስቲክ ጠቀለለች፤ ደብሬ ያቀረበችውን የውኃ ጆግና ሳሙና አነሣች።

«እታለም፣ ተይው» አላት ማረው።

«ሞቶ አያመልጠኝም» አለች። ተንበርክካ ያንን የረከሰ ጠጉር ማሸት ጀመረች፤ ፊቷን አዙራ፣ ጥርሷን ነክሳ። «የት ቀበርኸው?»

ይሁኔ ዓይኑን ጨፈነ። ውኃውን አቆመች።

«ቢሻውን የት ቀበርኸው?»

«ርብ...» አለ ትንፋሽ እያጠረው። «ከድልድዩ ማዶ... ከሾላው ሥር።»

ንብረት የተፈታ እጁን እያሻሸ ቀና አለ። «ጠዋት ልብሳችንን ያወለቅንበት ሾላ ነው» አለ በቀስታ። «የአንዳርጌ ሸሚዝ አሁንም ቅርንጫፉ ላይ ነው።»

አመተ ሥላሴ የቀረውን ውኃ ራሱ ላይ ደፍታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪበቃት አስመለሰች። ከዚያ ላስቲኩን ጥላ፣ እጇን ታጥባ፣ በርብ መንገድ መሄድ ጀመረች።