«እሷ» ስትል ማንን ነው?

ፊደል አልቆጠርኩም። ሰው ግን ከሩቅ አነባለሁ፤ ገና በር ሲያንኳኳ ምን ዓይነት እንደሆነ እለየዋለሁ። ጉረኛ በቡጢ ይደበድባል፣ ሐሜተኛ በጥፍሩ ይቧጥጣል። ያ ልጅ የመጣ ዕለት አንዴ በስሱ መታና ዝም አለ። ወይ ፈሪ ነው ወይ ጨዋ ብዬ ከፈትኩለት። ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ።

የመጣው ፍሪጃችንን ሊጠግን ነው። ቀን ከሌት እያቃሰተ ወተታችንን የሚያሞቅ ፍሪጅ ነበረን። ልጁ ተንበርክኮ ጀርባውን ፈታ፣ አዳመጠ፣ ጠገነ፤ ከዚያ እጁን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣና እዚያው ቀረ።

ብሄድ ቧንቧው ይፈሳል፣ እሱ ደርቆ ቆሟል። ከዳሱ ስር የተሸፈነችውን ያያል።

«እማማ፣ ከሸራው ስር ያለችው...»

«የሟች ባሌ መኪና ናት። ውሃውን ዝጋ።»

ባሌ ክብ ጀርባዋን አይቶ «ኤሊ» ብሎ ነበር የሰየማት። ሞተሯ ከኋላ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ የነካት የለም፤ ዶሮዬ ብቻ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥልባታለች።

«በሯን ይሸጡልኛል?» አለ ልጁ። «እቤት የእሷው ዓይነት አለችኝ፣ አባቴ የተወልኝ። አንድ በሯን ዝገት በልቶታል።»

«የባሌን መኪና የበሬ ሥጋ አደረግካት? በብልት በብልት አልሸጥም!»

ደነገጠ፤ ግን እጁ ቀድሞት የሸራውን ጫፍ አንስቷል። ዶሮዬ ከውስጥ ፊቱ ላይ ተወረወረች። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ቁጭ አለ፣ እስከ ወገቡ።

ከመስኮቱ ሳቅ መጣ።

የልጅ ልጄ ናት። እናቷን በልጅነቷ አጥታ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መስኮቱ ስር በስፌት መኪናዋ ስትሠራ ትውላለች። እኔ «መርፌ» እላታለሁ፤ ቀጭን ናት፣ የተቀደደ ትጠግናለች፣ ካልተጠነቀቅክ ትወጋለች።

«ዶሮዋ ዘበኛ ናት» አለችው። «በር ለሚሰርቅ አታዝንም።»

«አልሰረቅኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ» አለ ከገንዳው ሳይነሳ።

«ታዲያ ስትጠይቅ ቀና ብለህ ጠይቅ።»

ቀና አለ። ቀና እንዳለ ቀረ። ውሃው ከሱሪው ይንጠባጠባል፣ እሷ ክሯን በጥርሷ ይዛ መበጠሱን ረስታለች።  እኔም ያን ጊዜ፣ በቃ፣ ይቺ ልጅ ከእጄ ወጣች አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በር አልፈልግም አለ። «ኤሊን ላስነሳልዎት። ከሥራ መልስ እየመጣሁ።»

«ዋጋህስ?»

«ስትነሳ አንዴ ልንዳት።»

ይሁን አልኩ። ስሙንም «ፍሪጁ» አልኩት፤ ለሥራውም፣ ፀጥ ማለት ለሚወድ አፉም ይስማማል።

እንዲህ ሆኖ ጓሮዬ ጋራዥ ሆነ። ፍሪጁ ክሪኩን አስገብቶ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ሞተሯን ቀስ አድርጎ በአሮጌ ጎማ ላይ አወረደው። አዋላጅ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። እኔም የሰው ልፋት አይቼ ዝም አልልም፤ አንድ ጆግ ውሃ ይዤ ሄድኩ፤ ለእሷ።

«ውሃ አትጠጣም እማማ።»

«ታዲያ ስትግል በምን ትበርዳለች?»

«ነፋስ እየተቀበለች።»

«ወይ ባለጌ!» አልኩ። በእኛ ጊዜ ነፋስ ልቀበል ብላ የወጣች ልጃገረድ ምን ይዛ እንደምትመለስ ይታወቃል። መርፌ በመስኮቱ ሳቀች፣ ፍሪጁ አንገቱ ድረስ ቀላ፤ ውሃውን እሱ ጠጣው።

የሞተሩን ነፋስ የሚያዞረው ማራገቢያ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ያን ቆርቆሮ የከፈተ ዕለት ውስጡ የአይጥ ጎጆ ሞልቶት አገኘ። ጎጆው የተሠራው በምን መሰላችሁ? በመርፌ ቁርጥራጭ ጨርቅ! ለዓመታት ከስፌት ክፍሏ እየሰረቁ ሲያጓጉዙ ኖረዋል።

ፍሪጁ በሁለት እጁ አቅፎ መስኮቱ ጋ ወሰደላት። «የጠፋብሽ ሁሉ እዚህ ነው።»

እሷም እየመዘዘች ታወጋው ጀመር። «ይሄ ቀዩ የጎረቤታችን የምረቃ ቀሚስ ነው፤ ወፍራ ሁለቴ ያሰፋሁላት። ይሄ የአባቴ ኮሌታ። ይሄኛው ነጩ...» አጣጥፋ መለሰችለት።

«ነጩስ?»

«ለራሴ የጀመርኩት ነው። ሳልጨርሰው ተውኩት።»

«ለምን?»

«የት ልለብሰው ነው ብዬ።»

ነጩን ቁራጭ ጥላሸት እንዳይነካው በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋን ወንበር ልብስ እኔ እሰፋለሁ አለች። ለዶሮዬ ቅርጫት ሠሩላት፤ አኩርፋ ግን አልገባችበትም።

አሁን ልጄን ልንገራችሁ፤ የመርፌን አባት። ውሃ የሚያድል ቦቴ ነው የሚነዳ። ዕድሜውን በውሃ የበላ ሰው ስለሆነ ውሃ የማያውቅ ነገር አያምንም።

«እማዬ፣ ይሄ ልጅ የመጣው ለበር ነው» አለኝ አንድ ቀን እራት ላይ። «በሯን ስትከለክይው ልጄን አሳቦ መኪናዋን በሙሉ ሊወስድ ነው። ሞተር ያለ ውሃ፣ ወንድ ያለ ቁም ነገር፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት።»

«አንተ እዚያች መኪና ውስጥ ልትወለድ ምንም አልቀረህም ነበር» አልኩት። «አባትህ እያለቀሰ ነድቶ አደረሰኝ። ስትናገር እፈር።»

«እንግዲያው ትነሳ!» አለ ማንኪያውን ጥሎ። «ቦቴዬን መንገድ ላይ ማቆም ሰልችቶኛል። የወሩ መጨረሻ እሁድ በዳሱ ቦታ ይገባል። እስከዚያ ኤሊ በራሷ እግር ከበሩ ከወጣች፣ ስለ መኪናዋም ስለ ልጁም አፌን እዘጋለሁ። ካልወጣች እሷ ለብረት ለቃሚ፣ እሱም ይሄን በር እንዳያንኳኳ። ሰማሽ አንቺ?»

«ሰማሁ አባዬ» አለች መርፌ። እራቷን አልጨረሰችም።

ፍሪጁ ሲነገረው እጅጌውን ሰብስቦ ከመኪናዋ ስር ገባ። ግን የኤሊ ሲሊንደሮች ተፍቀዋል፤ በእነሱ አትነሳም፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ደግሞ የሚተካቸው አላገኘም። ቀኑ እየሮጠ መጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፍሪጁ ጓሮ ሆኖ በስልክ ያወራል። መርፌ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችው።

«...አዎ፣ እኔው ቤት ናት። አልዋሽህም፣ አርጅታለች፣ ወገቧም ተበልቷል። አባቴ ስለሰጠኝ ብዬ ነው እስካሁን ያልተለየኋት። ና ውሰዳትና ገላግለኝ፣ ሁለት መያዝ አልችልም። ልቤ ያረፈው ሌላዋ ላይ ነው...»

መስኮቱ ተዘጋ።

መጥታ እግሬ ስር ተቀመጠች። «ቤቱ ሴት አለችው፣ አያቴ። አባቱ ያጋባው። አረጀች ብሎ ለጓደኛው ሊሰጣት ነው።»

«አይመስለኝም።»

«በጆሮዬ ሰማሁ! ዛሬ እሷን እንዲህ ያለ ነገ እኔን ምን ይለኛል?»

ከዚያ ወዲያ መስኮቱ አልተከፈተም። የወንበሩ ልብስ በግማሹ ቀረ። ፍሪጁ ከመኪናዋ ስር እየወጣ መስኮቱን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን የስፌት ክፍሏ በር ላይ ቆሞ፦

«የወንበሩ ልብስ... አላለቀም እንዴ?»

«ለሌላዋ አስፋላት!» አለችው።

ግራ ገባው። «ለእሷማ ምን ያደርግላታል? ወንበርም የላት።»

ምስኪኗ ሴት ወንበር እንኳ የላትም! መርፌ በሩን ፊቱ ላይ ዘግታ ስታለቅስ ሰማኋት። የእኔም ትዕግሥት እዚያ ላይ አለቀ።

ከኤሊ ስር እግሩ ብቻ ይታያል። በከዘራዬ ቁርጭምጭሚቱን አልኩት።

«ስማ አንተ! ያቺ ቤትህ ያለችው ማን ናት?»

«የኔዋ ናት እማማ» አለ ከስር።

ምንም ሳያፍር!

«አባትህ የሰጠህ?»

«አዎ። ሊሞት ሲል።»

«ታዲያ ምን ብትበድልህ ጣልካት?»

«ኧረ አልጣልኳትም። ለወጥኳት።»

«ለወጥኳት? በምን?»

«በሲሊንደር።»

ከዘራዬ አየር ላይ ቀረ። ስንት ክፉ ባል አይቻለሁ፤ ሚስቱን በሲሊንደር የለወጠ ግን አላጋጠመኝም። ልረግመው አፌን ስከፍት ተንሸራቶ ወጣ። ደረቱ ላይ አራት ሲሊንደር እንደ ቡችላ ታቅፏል።

«የኔዋም ሲሊንደሮች ተፍቀዋል» አለኝ። «አንድ ጋራዥ ያለው ሰው እነዚህ ነበሩት፣ ግን ሙሉ መኪና ካልሰጠኸኝ አለ። በሯም ወገቧም ተበልቶ ስለነበር...» አንዱን ሲሊንደር በእጅጌው ጠረገ። «አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪዋን ያስይዘኝ ነበር። ግን እሷን ይዤ እሷን ከማጣ...»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንደ መብራት ቦግ ያለልኝ። ወንበር የሌላት፣ ወገቧ የተበላ!

«የትኛዋን እሷ?» አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

 ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱም የተዘጋ መስሎን ነበር እንጂ አንድ ጣት ያህል ተከፍቷል።

«መርፌ! ነይ ውጪ!»

ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ክር ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ቆመች።

«እሷ ስትል ማንን ነው?»

«የቷን?»

«ሁሉንም! ስታወራ ሁሉ እሷ፣ እሷ። ጋለች፣ በረደች፣ አረጀች፣ ልቤ አረፈባት። ከሁለት መኪና መሃል ራሴን በምን ልለይ?»

ፍሪጁ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ መሬት አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔው ልናገርለት ስል ቀደመኝ።

«ስላንቺ ለማንም አውርቼ አላውቅም» አለ። «ካንቺ ጋር ሳወራ ደግሞ አንቺ ነው የምልሽ። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በስልክ። ሰውየው አባትህ የሰጠህን መኪና ለውጠህ አይቆጭህም ወይ ብሎ ሲያስጨንቀኝ፣ ልቤ ያረፈው ሌላዋ ላይ ነው አልኩት። ኤሊ መስላው ይሆናል።» ቀና አለ፣ ገንዳው ውስጥ ሆኖ እንዳያት አድርጎ አያት። «አንቺ ነሽ።»

መርፌ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አላወቀችውም።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መኪናው ወንድ ነው። እሷ ብለህ ስትጠራው የሰማሁህ ዕለት ወንበሩን እቀደዋለሁ።»

«እሺ። ሲሊንደሮቹ ለእሷ... ለእሱ ናቸው።»

እኔም ለሰላም ስል ከዚህ ወዲያ «እሱ» እላለሁ።

እሁድ ደረሰ። ቦቴው በሩ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሟል። ልጄ በባልዲ ውሃ ይዞ ወረደ። ፍሪጁ መሪው ላይ፣ መርፌ አጠገቡ፤ እኔ ከኋላ፣ በአዲሱ ወንበር ላይ።

ቁልፉን አዞረ። ኤሊ ሳል አለና ዝም። ደገመ። ዝም። ሦስተኛውን ሲሞክር ፍሪጁ በላብ ተጠምቋል፤ መርፌ ጉልበቷን ጨብጣለች።

«ውሃ ስጧት ብዬ ነበር!» አለ ልጄ።

«ስጡት በል፣ አባዬ» አለች መርፌ፤ ወዲያው ወደ ፍሪጁ ዞረች። «ለካርቡሬተሩ አፍ መክደኛ ብለህ ሰማያዊ ጨርቅ ወስደህብኝ ነበር። የት አለ?»

ፍሪጁ ፊቱ ነጣ። ወርዶ ከኋላ ከፈተ፤ የአየር ማጣሪያውን ሲያነሳ ጨርቁ እንደተወተፈ ነው።

«ትንፋሽ ከልክለኸው ነው እንዴ ተነስ የምትለው?» አለች።

«ማጣሪያውን የገጠምኩት አንቺ መስኮቱን በዘጋሽበት ሰሞን ነው» አለ። «እኔም ትንፋሽ አልነበረኝም።»

ልጄ ይሄን ሰማ። ባልዲውን ዝቅ አደረገ።

ኤሊ በአንዴ ተነሳ። ድምፁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የመርፌን የስፌት መኪና! ታታታታ ብሎ፣ ግቢውን እየሰፋ፣ በራሱ እግር ከበሩ ወጣ። ቦቴው አጠገብ ቆመን ልጄን አየሁት፤ ባልዲውን ይዞ የተረሳ ሰው መስሏል።

«አስቀምጠውና ግባ» አልኩት። «ያኔም አባትህን መንገድ ላይ አስቸግረኸዋል።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። ሊቀመጥ ሲል ያዝኩት፤ ዶሮዬ ቀድማው እንቁላሏን ጥላ ኖሯል።

«ወዴት ነው?» አለ እንቁላሉን በመዳፉ ይዞ።

«ነፋስ ልንቀበል» አለች መርፌ። ቀሚሷን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ነጩን ጨርሳዋለች።

ከአስፋልቱ ጫፍ ኩርባ አለ። ልጄ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እጁን ፍሪጁ ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ አየሁ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለው። «እሷን አደራ።»

ፍሪጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የትኛዋን ብሎ የጠየቀ የለም።