እማማ ደስታነሽን የጫነው ሳይክል

«ሰማሽ? እነሽመልስ የሬሳ ሳጥን ያለው ሳይክል ሊገዙ ነው አሉ።»

ይህን ያሉት እትዬ ብርቅዬ ናቸው። ቧንቧው ስር ጀሪካናቸውን ደቅነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት። የእትዬ ብርቅዬ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን የሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሩሀማ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች።

«ሳጥኑ ለማን ነው ደግሞ?» አለች ከኋላቸው ወረፋ የያዘችው ሴትዮ።

«ለእማማ ደስታነሽ ነዋ። እንደ ጎመን ጭነው ቸርች ሊያመላልሷቸው። ነጂዋን ብነግርሽ አታምኚኝም። ሩሀማ ናት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሩሀማ የታናሽ ወንድሟን ካልሲ እንደያዘች፣ ውሃው በክንዷ እየወረደ ቆማ ቀረች።

ወሬው ጨው በዝቶበታል እንጂ ውሸት አልነበረም። ታናናሾቿን፣ ኤልናታንንና ሀሴትን፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የኮንትራት ባጃጅ ሹፌር የቤንዚን ወረፋ ሲመረው ሥራውን ትቶ አገሩ ገብቷል። አያቷ እማማ ደስታነሽን ደግሞ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ታቦር ዳገት ላይ እየኖረ ጉልበት የከዳው ሰው፣ ከተማው እግሩ ስር ሆኖ እንደ ውጭ አገር ይርቀዋል።

የገናን ዕለት ሩሀማ አትረሳውም። እማማ ነጭ ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቷ ሽመልስ ባጃጅ ፍለጋ ሲወጣ ሲወርድ አረፈደ። ሁሉም ባለ ባጃጅ «ዳገቱን አልወጣም» ነው የሚለው። የእትዬ ብርቅዬ ልጅ መኪና ታጥባ ደጅ ቆማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አይቷታል። «እኔ ልውሰዳቸው» ያለ ግን አልነበረም። ከታች ከቸርች መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ሲመጣ እማማ በራቸው ላይ ሆነው አብረው ዘመሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣጥፈው ገቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቸርች አንስተው አያውቁም።

እና ቤት ውስጥ ክርክሩ የተነሳው በዚህ ነው። አባቷ ሞተር ሳይክል ይፈልጋል። እናቷ ሰብለ ደግሞ ፒያሳ ሱቋ አጠገብ ካሌብ የሚባል ልጅ የሚሸጠውን ሳይክል አይታ መጥታለች። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ፊት ለፊቱ ሁለት ጎማ፣ በጎማዎቹ መሀል ልጅም አዋቂም የሚቀመጥበት የእንጨት ሳጥን አለው።

«አሻንጉሊት ነው» አለ ሽመልስ። «ታቦርን አይወጣም።»

«ሞተሩ ላይስ እማማን የት ልታስቀምጣቸው ነው? ትከሻህ ላይ?» አለች ሰብለ።

«እሺ» አለ ሽመልስ። «እማዬን ይዞ ዳገቱን ከወጣ ሳይክሉን እንገዛለን። ካልወጣ ሞተሩን። አለቀ።»

ሞተሩ ከተገዛ ሽመልስ ራሱ ነው ተምሮ የሚነዳው። ሳይክሉ ከሆነ ግን ነጂዋ ሩሀማ ናት፤ በቤቱ ውስጥ ከሷ በቀር ሳይክል የሚችል የለም። እሷ ሐይቁ ዳር እየተከራየች ነው የለመደችው። አባቷ ጎልማሳ ሆኖ አንዴ ሞክሮ ጉልት ላይ የተደረደረ የሰው ቲማቲም ላይ ወድቋል፤ ያን ታሪክ ቤት ውስጥ ማንም አያነሳም፣ እማማ ካልሆኑ በቀር።

«ባይወጣ ደስ ይለኛል» አለች ሩሀማ በማግስቱ ለጓደኛዋ ለሀያት። «በናትሽ አስቢው። ሳጥን እየገፋሁ ጆተኒ ቤቱ ጋ በነኪሩቤል ፊት ሳልፍ። እስከ ማትሪክ ሙድ ይይዙብኛል።»

«አያትሽስ?»

ሩሀማ ወሬውን ወደ ቤት ሥራ አዞረችው። ሀያትም አልደገመችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ካሌብ ሳይክሉን ዳገቱ ስር አስፋልቱ ላይ ይዞ መጣ። ሰፈሩም ወረደ። ሠርግ ነው የሚመስለው። እትዬ ብርቅዬ ጥላ ይዘው፣ ሕፃናት ሳጥኑን እየነካኩ። እማማ ደስታነሽን ሽመልስና ሰብለ በሁለት በኩል ደግፈው አወረዷቸው። ነጩን ልብሳቸውን ለብሰዋል። የገናውን።

«እማማ፣ ፊትዎን ወደ ሩሀማ አዙረው ነው የሚቀመጡት» አለ ካሌብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ትራስ እያነጠፈ።

«እሰይ። ስትወድቅ አያታለሁ» አሉ እማማ።

ካሌብ ከግራ እጀታው ስር ያለችውን ቁልፍ ለሩሀማ አሳያት። በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርጋት አረንጓዴ መብራት በራች። «አንቺ ቀስ ብለሽ ርገጪ» አላት። «ይቺ እስከበራች ድረስ የቀረው የሱ ሥራ ነው።»

ሩሀማ ረገጠች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ድምፅ የለም። ጭስ የለም። አንድ የማይታይ ትልቅ እጅ ከጀርባዋ መጥቶ «ነይ እንሂድ» ያላት ነው የመሰላት። ዳገቱ ያው ሰው የሚያደክመው፣ ባጃጅ የሚያስለው፣ እሷ ራሷ ቦርሳዋን ተሸክማ መሀሉ ላይ የምትቆምበት ዳገት ነው። አሁን ግን ኮብልስቶኑ ከጎማው ስር እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከጎኗ የምትሮጠው ሀያት ማለክለክ ጀመረች። ከኋላ ሲያወራ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ዝም አለ። የሚሰማው የጎማው ሽውታ ብቻ ሆነ።

«ጌታ ሆይ» አለ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

ሩሀማ እማማን አየቻቸው። እማማ ግን እሷን አያዩም። ዓይናቸው ከትከሻዋ በላይ አልፎ ከኋላዋ ርቆ ሄዷል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

«ሐይቁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሩሁ፣ ሐይቁ እየሰፋ መጣ እኮ። ሁሉም ታየኝ።»

ከሳይክሉ ኋላ ከተማው ወደ ታች ሲወርድ፣ ሐይቁ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ብሎ እየተዘረጋ ነበር። ሩሀማ ባታየውም በእማማ ፊት ላይ አየችው። የገና ቀን ያላየችው ፊት ነው። ለአፍታ ሰው መኖሩን ሁሉ ረሳች።

ከዚያ መታጠፊያው ላይ ጆተኒ ቤቱ መጣ።

ኪሩቤልና ጓደኞቹ ጨዋታቸውን ትተው ወጥተዋል። «ኧረ ሩሀማ» አለ ኪሩቤል። «አያትሽን ስንት ልትሸጫቸው ነው? ኪሎው ስንት ገባ?»

ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የሩሀማ ፊት ጋለ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ፣ ማክሰኞም፣ ከዚያም በኋላ ይቺው ሳቅ ስትጠብቃት ታያት።

አውራ ጣቷ ቁልፏን ተጫነች።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ያ ትልቅ እጅ ከጀርባዋ ድንገት ሄደ። ሳይክሉ እንደ አለት ከበደና ቆመ፣ ወደ ኋላም መንሸራተት ጀመረ። ሩሀማ ፍሬኑን ጨበጠች።

«ታኮ አድርጉበት» አለ አንድ ድምፅ። ወዲያው ሦስት ሰው ድንጋይ ይዞ ደረሰ። መቼም ዳገት ላይ የቆመ መኪና ያየ የታቦር ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ታኮ ያደርጋል፣ ከዚያ ይገፋል። ሽመልስ መጣ፣ ካሌብ መጣ፣ ኮፍያውን ያወለቀው ሽማግሌ መጣ፣ እትዬ ብርቅዬ ጥላቸውን ለልጅ ሰጥተው መጡ። ኪሩቤል እንኳ ሳቁን ትቶ እጁን ሳጥኑ ላይ አደረገ። «ሆ በል» እየተባለ እማማ ደስታነሽ እንደ ሙሽራ እየተገፉ ጫፍ ደረሱ። ሩሀማ እጀታውን እንደያዘች አንገቷን አቀርቅራ ሄደች።

ጫፍ ላይ ጎማው ስር እንደገና ድንጋይ ተደረገና ሁሉም ወገቡን ይዞ ፍርዱን ጀመረ።

«እኔ አላልኩም?» አሉ እትዬ ብርቅዬ። «የሬሳ ሳጥን ነው ብያለሁ።»

«ለሜዳ ነው እንጂ ይሄ ለታቦር አይሆንም» አለ ሌላው።

ካሌብ ባትሪው ላይ አጎንብሶ ነበር። «ሙሉ ነው እኮ» ይላል ደጋግሞ። «ሙሉ ነው። አልገባኝም።»

ሽመልስ በእጁ ፊቱን ጠረገ። ደስ ያለው አይመስልም። «በቃ» አለ። «ሞተሩን እንወስዳለን።» ሰብለ የእማማን ነጠላ አቧራ እያራገፈች ነበር።

«ልጁን አትቆጡት» አሉ እማማ። «ሳይክሉም ምንም አላጠፋም። እኔ ከብጄበት ነው። ያረጀ ሰው ይከብዳል።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ካሌብ ላይ አልነበረም። ሳይክሉም ላይ አልነበረም። የሩሀማ አውራ ጣት ላይ ነበር። ከፊት ለፊቷ ነው ተቀምጠው የመጡት፤ መብራቷ ስትጠፋ ከሳቸው በላይ ለማን ትታይ።

ሩሀማ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደበቀችው። እማማ ዓይናቸውን አንስተው ወደ ሐይቁ መለሱ፣ እንደሚሰናበት ሰው።

«አልከበዱም» አለች ሩሀማ።

ማንም አልሰማትም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባዬ፣ እማማ አልከበዱም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳይክሉ እየወጣ ነበር። እነኪሩቤል ሲስቁብኝ አፍሬ አጠፋሁት። ከታች እንደገና ልጀምር።»

ከዚያ ዳገቱ በጫጫታ ተሞላ።

«ተበላን» አለ ኪሩቤል።

«ወይ የዘንድሮ ልጅ» አሉ እትዬ ብርቅዬ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ግን በጣቶቻቸው መሀል እያወሩ። «አያቷን ዳገት ላይ ገትራ ትዝናና። በዚህ ወገቤ ነው እኮ የገፋሁት። እኛ ሥራችንን ጥለን፣ ለእማማ ደስታነሽ ብለን...»

«ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ» አለች ቧንቧው ጋ ወረፋ ይዛ የነበረችው ሴትዮ።

«ማፈሪያ።»

«ሽመልስ፣ ይቺን ልጅ ዝም ብለህ አሳደግሃት» አለ ሽማግሌው።

ሩሀማ ጎንበስ ብላ ከጎማው ስር ድንጋዩን ማውጣት ጀመረች። ያን ጊዜ እስካሁን ትንፋሽዋን ትሰበስብ የነበረችው ሀያት ከሰዉ መሀል ወጣች።

«ስትገፉ አይተናል» አለች። «ለመሆኑ የገና ዕለት ይሄ ሁሉ እጅ የት ነበር?»

የእትዬ ብርቅዬ ጣቶች አፋቸው ላይ እንዳሉ ቀሩ። ሽማግሌው መልሶ ኮፍያውን አወለቀ። ሩሀማ እማማን እንደጫነች ሳይክሉን ቁልቁል አዞረችው፣ አረንጓዴዋም መብራት በራች።